ኪሮሽን ለራስ ልክ መንደፍ

የሹራብ ማሽን ከተፈለሰፈ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ የመጀመሪያውን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው። ሽመናውም ልብስ ስፌቱም ከሞተር ጋር ሥራ ከተካፈሉ ቆይተዋል። ኪሮሽ ግን እስካሁን ከእጅ አልወጣም። ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ እውነተኛ የኪሮሽ ልብስ ካዩ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቀለበት በቀለበት ስቦ የሠራው ነው። ፋብሪካ አምርቶ ኪሮሽ እያለ የሚሸጠው መልኩን ያስመሰለ የሹራብ ጨርቅ ነው።

ምክንያቱ አሠራሩ ላይ ነው። ሹራብ ሲሠራ ብዙ ቀለበቶች በአንድ ጊዜ መርፌው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ማሽን ለእያንዳንዱ ቀለበት አንድ መርፌ መድቦ ሁሉንም በአንዴ ማንቀሳቀስ ይችላል። በኪሮሽ ግን አንዱ ዓምድ፣ ማለትም አንዱ ስፌት፣ አልቆ ሌላው ሲጀመር መንጠቆው ላይ የሚቀረው ቀለበት አንድ ብቻ ነው። ሠሪዋ ከዚያ ተነስታ ቀድማ በሠራችው ጨርቅ የፈለገችው ቦታ ላይ መንጠቆዋን ሰድዳ ክር ትስባለች። መሀል ላይ ቆማ መመለስ፣ ወደ ጎን መዞር፣ ከጫፉ ተነስታ በሌላ አቅጣጫ መቀጠል ትችላለች። ማሽኑን ያስቸገረው ይኸው ነፃነት ነው ኪሮሽን በገዛ አካል ልክ ልብስ ለመንደፍ የተመቸ ያደረገው።

እኛ ዘንድ ኪሮሽ በአብዛኛው የቤት ጌጥ ሆኖ ኖሯል። የሶፋ መደገፊያው፣ የጠረጴዛ ልብሱ፣ የቴሌቪዥን መሸፈኛው፣ ረከቦት ላይ ጣል የሚደረገው ዳንቴል የብዙ እናቶችና እህቶች የእጅ ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ቀጭን ሥራ ዐይኗን ሳታነሳ የምትሠራ ሴት ልብስ መሥራት አያቅታትም። ሆኖም “የልብስ ንድፍ አላውቅም” ብላ የምትተወው፣ ወይም ለማታውቀው የውጭ አገር ሰው ቁመና የተጻፈ መመሪያ ተከትላ ትከሻው የወረደ፣ ብብቱ የያዘ ሹራብ ሠርታ የምታዝነው ብዙ ናት። የሚጎድላት የእጅ ሙያ አይደለም። የሚጎድለው ሜትር፣ እርሳስና ጥቂት ስሌት ነው።

መሠረቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ሰንሰለት ይሠራል። በሰንሰለቱ ላይ ዓምዶች ይቆማሉ፤ አጭር ዓምድ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ይሰጣል፣ ክሩ መንጠቆው ላይ አንዴ ተጠምጥሞ የሚሠራው ረጅም ዓምድ ደግሞ ሳሳ ያለና ቶሎ የሚያድግ። የቀረው ሁሉ የእነዚህ መለዋወጥ ነው። የውጭ መመሪያ የሚያነብ ሰው ግን አንድ ነገር ይጠንቀቅ፦ አሜሪካኖችና እንግሊዞች ለአንዱ ዓይነት ዓምድ የተለያየ ስም ስለሚሰጡ፣ መመሪያው በየትኛው አገር ልማድ እንደተጻፈ ሳያረጋግጡ መጀመር ልብሱን ካሰቡት መጠን ያርቀዋል።

ሸማ ከመጠቅለያው ሲወርድ ቀጥ ያለ ጨርቅ ነው፤ ቅርፅ የሚሰጠው መቀስና መርፌ ነው። ኪሮሽ መቀስ አይፈልግም፤ ቅርፁ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይወለዳል። መሶብ የምትሰፋ ሴት ከመሀል ጀምራ ዙሩን እየጨመረች ጠፍጣፋ እንደምታደርገው፣ መጨመሩን ስታቆም ደግሞ ግድግዳው ወደ ላይ እንደሚነሳላት፣ ኪሮሽም የሚታዘዘው በመጨመርና በመቀነስ ነው። በአጭር ዓምድ ክብ ሲሠሩ በየዙሩ 6 ያህል ቢጨምሩ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በረጅም ዓምድ ከሆነ 12 ያህል። ከዚያ ካነሰ ጎድጓዳ ይሆንና ኮፍያ ይወጣዋል፤ ከበዛ ጫፉ ይሸበሸባል። ይህ ሕግ ከጓዳ አልፎ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ላትቪያዊቷ የሒሳብ ሊቅ ዳይና ታይሚኛ እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳለች፣ ዓምዶቹን በቋሚ ምጣኔ እያበዛች በመሥራት ተማሪዎች በወረቀት ለመረዳት የሚቸገሩትን ሃይፐርቦሊክ የተባለ የጂኦሜትሪ ገጽ በእጅ የሚዳሰስ አደረገችው። የቀሚስ ዘርፍ ላይ የምናየው ሽብሽብም የሚገኘው በዚያው መንገድ ነው። ወገብ ላይ መቀነስ፣ ዳሌ ላይ መጨመር፣ እጅጌን ወደ አንጓ ማጥበብ ሁሉ የዚህ ሕግ ልጆች ናቸው።

በታሪኩ ውስጥ ለነዳፊ ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው የአየርላንድ ኪሮሽ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1845 የድንች በሽታ አገሪቱን መታ፤ በተከተለው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፣ ከዚያ የሚበልጥም ተሰደደ። በዚያ ዘመን በኮርክ አካባቢ ሴት መነኮሳት፣ በክሎንስ ከተማ ደግሞ ካሳንድራ ሃንድ የተባለች የቄስ ሚስት፣ ሴቶች ከኪሮሽ ገቢ እንዲያገኙ ሥራውን አስፋፉ። ውድ የነበረውን የቬኒስ ዳንቴል በመርፌ ፈንታ በመንጠቆ፣ በጣም ባጠረ ጊዜ ይሠሩት ጀመር። የሥራ ክፍፍላቸው ያስደንቃል፤ አንዷ ጽጌረዳ ብቻ፣ ሌላዋ ቅጠል ብቻ እየሠራች ቤተሰብ በሙሉ ይተዳደርበት ነበር። ከዚያ በለባሿ ልክ የተቆረጠ ጨርቅ ወይም ወረቀት ይዘረጋል፤ አበቦቹና ቅጠሎቹ ፊታቸውን ወደ ታች ደፍተው በላዩ ይደረደራሉ፣ በክር ይያያዛሉ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ በመረብ ይሞላል። መጨረሻ ላይ ማያያዣው ክር ተቆርጦ ጨርቁ ሲላቀቅ ልብሱ ብቻውን ይቀራል። በዚህ መልክ የተሠሩ ካፖርቶችና ቀሚሶች ዛሬ በሙዚየም ይቀመጣሉ።

ዛሬ ለራሱ መንደፍ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የሚወስደው፣ ቅርፁ ከክሩ በፊት በሙሉ መጠኑ መሬት ላይ መዘርጋት እንዳለበት ነው። በልብስ ሰፊ መለካት የግድ አይደለም። የሚመችዎትንና የማይለጠጥ አንድ ልብስ ይውሰዱ፣ ጋዜጣ ወይም ካርቶን ላይ አስተኝተው ዙሪያውን በእርሳስ ይከተሉ፤ የትከሻውን ስፋት፣ የብብቱን ጥልቀት፣ የአንገቱን መክፈቻ ይጻፉ። ከዚያ በሜትር ሰውነትዎን ይለኩ። ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከአንገት ሥር እስከ ወገብ፣ የክንድ ወፍራሙ ቦታ፣ አንጓ። ልብሱ ከሰውነት እኩል ከሆነ መተንፈሻ አይኖረውም፤ ከላይ ለሚደረብ ሹራብ ደረት ላይ ከ8 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ይጨመራል፤ ወፍራም ክር ደግሞ በውስጥ በኩል ቦታ ስለሚሻማ ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል።

ቀጥሎ ሁሉም ሊዘለው የሚፈልገው ሥራ ይመጣል፤ ናሙና። በመረጡት ክርና መንጠቆ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር የምታህል ቁራጭ ይሥሩ፣ ልብሱን በሚያጥቡበት መንገድ ይጠቡት፣ ያድርቁት፣ ከዚያ መሀሉ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ለክተው ዓምዶቹን ይቁጠሩ። በ10 ሳንቲ ሜትር 16 ዓምድ ካለ፣ በአንድ ሳንቲ ሜትር 1.6 ማለት ነው። ደረትዎ 92 ቢሆን፣ 8 ትርፍ ጨምረን 100 ሳንቲ ሜትር፤ ሲባዛ 160 ዓምድ፣ 80 ለፊት 80 ለኋላ። ለቁመትም እንዲሁ፤ በ10 ሳንቲ ሜትር 8 ረድፍ ካለ፣ 56 ሳንቲ ሜትር ርዝመት 45 ረድፍ ይወስዳል። በጥድፊያ ተቆጥሮ በናሙናው 10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለው 16 ሳይሆን 15 ቢሆን፣ እነዚያው 160 ዓምዶች ወደ 107 ሳንቲ ሜትር ይሰፋሉ። ለአንዲት ዓምድ ስህተት ሰባት ሳንቲ ሜትር የሚያህል ልዩነት ነው። ለዚህ ነው ናሙና ላይ የሚጠፋ ሰዓት ባክኗል የማልለው።

እጅጌውም በዚያው ስሌት ይሄዳል። ክንድ ላይ 35 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 56 ዓምድ፣ አንጓ ላይ 22.5 ከሆነ 36። 20 ዓምድ መቀነስ አለበት፤ በአንድ ረድፍ ከግራና ከቀኝ አንዳንድ ቢቀነስ 10 ጊዜ ይሆናል። እጅጌው 36 ረድፍ ቢረዝም በየ3 ረድፉ መቀነስ ነው፤ የሚተርፉት 6 ረድፎች ሳይቀነስባቸው አንጓው ላይ ይቀመጣሉ። ናሙናው ለክር ግዢም ያገለግላል። አንድ 10 በ10 ቁራጭ 6 ግራም ቢመዝን፣ ከላይ ያሰላነው ልብስ ከነእጅጌው ወደ 82 ቁራጭ የሚሆን ስፋት ስላለው 490 ግራም ገደማ ይወስዳል። ለአንገትና ለጠርዝ አስቦ 600 መግዛት ይሻላል፤ ሁሉም ጥቅል አንድ የቀለምና የንከራ ቁጥር ያለው ይሁን፤ ከሌላ እሽግ የመጣ ተመሳሳይ ቀለም ከለበሱት በኋላ ፀሐይ ላይ ይለያል።

ሰውነት ግን ቀጥ ያለ ሳጥን አይደለም፤ ራስ ሠርቶ የመልበስ ጥቅሙ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ደረቷ ሞላ ያለ ሴት የተዘጋጀ ሹራብ ስትለብስ የፊቱ ጠርዝ ወደ ላይ ይሳባል። በኪሮሽ መፍትሔው ከፊት በኩል ብቻ፣ ጎን ሳይደርሱ የሚመለሱ ጥቂት አጫጭር ረድፎችን መጨመር ነው፤ ኋላው እንዳለ ሆኖ ፊቱ ይረዝማል። ጀርባው ጎበጥ ላለ አዛውንት ይኸው ነገር ከኋላ ይሠራል። አንዱ ትከሻው ዝቅ ላለ ሰው አንዱን ትከሻ በአንድ ረድፍ ማሳጠር ይቻላል። የትኛውም ሱቅ ይህን አይሸጥም።

ክር ሲመርጡ ከቀለሙ በፊት ክብደቱን ያስቡ። ኪሮሽ ከሹራብ የወፈረ ጨርቅ ይሰጣል፣ ክርም ይበላል፤ ስለዚህ በወፍራም ክርና በትንሽ መንጠቆ የተሠራ ልብስ ይገተራል። ለጨርቁ አወራረድ የሚሻለው ቀጠን ያለ ክርና ክሩ ከሚጠይቀው ከፍ ያለ መንጠቆ ነው። ጥጥ ቀዝቃዛና ላብ የሚመጥ ስለሆነ ለአዳማና ለድሬዳዋ ሙቀት ይስማማል፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ አንዴ ከተለጠጠም በራሱ አይመለስም፤ ረጅም የጥጥ ቀሚስ በክብደቱ ወደ ታች ይሳባል። ስለዚህ ናሙናውን አንድ ሌሊት አንጠልጥሎ ማሳደር፣ ትከሻውንም በአጭር ዓምድ ማጠንከር ይገባል። ሱፍ ተለጥጦ ይመለሳል፤ ለአዲስ አበባ ክረምት ወደር የለውም። አክሪሊክ ቀላልና ርካሽ ነው፣ በየገበያው ይገኛል፤ ካውያ ካረፈበት ግን ይላላል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም።

የራስ ስልት የሚባለው ከዚህ በኋላ ይመጣል። ክፍት ሥራ የት ይሁን፣ ጥቅጥቁ የት? ደረትና ዳሌ ላይ ደፈን አድርጎ እጅጌና ከደረት በላይ ዳንቴል ማድረግ ያለ ገበር የሚለበስ ጨዋ ልብስ ይሰጣል። ብዙዎች ደግሞ የሀበሻ ቀሚስ ጥለት በኪሮሽ ለማውጣት ይሞክራሉ፤ ሁለት ሦስት ቀለም ይዞ በአጭር ዓምድ እየቀያየሩ ይቻላል። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። ዓምዱ እኩል አራት ማዕዘን ስላልሆነ በተራ ባለ ካሬ ወረቀት የተሳለ መስቀል ሲሠራ ይጨፈለቃል ወይም ይረዝማል፤ ካሬውን ከናሙናዎ በተገኘው የቁመትና የወርድ ምጣኔ ያስምሩት። ሌላው፣ በቀኝ እጅ ሳይገለበጡ በዙር ሲሠሩ አጭር ዓምዶች በየዙሩ ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፤ መስቀሉም ይዞራል። እየገለበጡ በረድፍ ከሠሩት ማዘንበሉ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ለመጀመሪያ ሥራ ከአንገት ወደ ታች የሚወርድ አሠራርን እመርጣለሁ። ሥራው እየወረደ ሳለ በየመሀሉ ለብሶ መስተዋት ፊት መቆም ይቻላል፤ ርዝመቱን የሚወስኑት ወረቀት ላይ ሳይሆን ገላዎ ላይ ነው። ካልወደዱት ክሩን ስበው ይፈቱታል፤ ክሩም ይተርፋል። ሥራ ሲያቋርጡ የቀረችዋን አንዲት ቀለበት በመርፌ ቁልፍ ይያዟት።

እጅጌ በሌለው ቀላል ሰደርያ ይጀምሩ፤ ልኬትዎን፣ የናሙናውን ቁጥር፣ የክሩንና የመንጠቆውን መጠን በአንድ ደብተር ይጻፉ፤ ለሁለተኛው ልብስ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። መሥራት የማይሆንልዎት ከሆነ ደግሞ በሰፈርዎ ወዳለች የኪሮሽ ባለሙያ ይሂዱ፤ ልክዎንና የሚመችዎትን ልብስ ይዘው ይሂዱ፣ ናሙና እንድትሠራ ጊዜ ይስጧት፣ ሲከፍሉም የክሩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የቀናት የእጅ ሥራዋን ያስቡ።