የድምፅ ድራማ አምራቾች ሲያድጉ የመጨረሻው ውሳኔ የማን ነው?

ፖድካስት በሚባለው የኢንተርኔት ሥርጭት የድምፅ ድራማ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ብዙዎቹ የሚጀመሩት በአንድ ወይም በሁለት ሰው ነው። መሥራቹ ድርሰቱን ይጽፋል፣ ተዋንያን ይመርጣል፣ ድምፁን ያቀናብራል፣ ሒሳቡንም ይይዛል። ሁለተኛና ሦስተኛ ድራማ ሲጨመር ግን ተዋናዩ ክፍያውን፣ ማስታወቂያ አስነጋሪው ውሉን፣ አቀናባሪው ድርሰቱን ከአንድ ሰው ይጠብቃሉ። ያ ሰው ከታመመ ድራማው በቀኑ አይወጣም፤ ገቢውም ይጓደላል።

የአሜሪካው «ዌልካም ቱ ናይት ቬል» የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን፣ ሚስተር ጆሴፍ ፊንክና ሚስተር ጄፍሪ ክራኖር በጋራ ይጽፉት ነበር። ተራኪው ግን ሌላ ሰው፣ ሚስተር ሲሲል ባልድዊን ናቸው። በ2016 ሥራው ሲሰፋ ሚስተር ፊንክ «አሊስ ኢዝንት ዴድ» የተባለውን ድራማ ጻፉ፤ ሚስተር ክራኖር ደግሞ ከሌላ ደራሲ ጋር «ዊዝን ዘ ዋየርስ»ን ይዘው ቀረቡ። ሽርክናው ሳይፈርስ እያንዳንዱ አዲስ ድራማ የራሱ ደራሲ አገኘ ማለት ነው።

በ2014 የተቋቋመው ጊምሌት ሚዲያ በሌላ መንገድ ሄዷል። ከሁለቱ መሥራቾች ሚስተር አሌክስ ብሉምበርግ ከሬዲዮ ጋዜጠኝነት የመጡ በመሆናቸው ይበልጥ በዝግጅቱ፣ ሚስተር ማት ሊበር ይበልጥ በንግዱ ላይ አተኮሩ። ድርጅቱ በ2016 ያቀረበው «ሆምካሚንግ» የተሰኘ ድራማ በ2018 የቴሌቪዥን ተከታታይ ሆኗል። ድርጅቱም በ2019 ለስፖቲፋይ ተሸጧል።

ሥራን መከፋፈል ብቻውን አይበቃም፤ መከፋፈል ያለበት ውሳኔው ነው። ድርሰትና ዝግጅት፣ የቀረጻ መርሐ ግብር፣ ሒሳብና ውል፣ ማስታወቂያና ሽያጭ እያንዳንዳቸው አንድ የመጨረሻ ወሳኝ ያስፈልጋቸዋል። ሦስት ሰው ባለበት ድርጅት አንዱ ሁለት ዘርፍ ሊይዝ ይችላል። አንድ ዘርፍ ሁለት ወሳኝ ካለው ግን ሠራተኛው የሚስማማውን መልስ ከሚሰጠው ዘንድ መሄድ ይለምዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ገንዘብ ነው። እያንዳንዱ ኃላፊ ሳያስፈቅድ እስከ ስንት ብር ማውጣት እንደሚችል በጽሑፍ ይወሰናል። አዲስ ድራማ መጀመር፣ መበደር፣ አዲስ ባለድርሻ ማስገባትና የድርሰት መብት መሸጥ ግን የጋራ ውሳኔ ሆነው ይቆያሉ። በተለይ የመጨረሻው ከባድ ነው። ድርሰቱ የደራሲው ይሁን የድርጅቱ አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ የፊልም ገዢ በመጣ ዕለት ሸሪኮች ይጣላሉ።

ሁለት ባላ መትከልም ደግ ነው። የሒሳቡን መዝገብና የሥርጭቱን የይለፍ ቃል ቢያንስ ሁለት ሰው ሊያውቀው ይገባል።

አስቸጋሪው ነገር የመሥራቹ ልማድ ነው። ሥልጣን አስረክቦ በማግስቱ እያንዳንዱን ቀረጻ የሚያርም መሥራች ምንም አላስረከበም። የወር ሪፖርት ይቀበል፤ በየወሩ መጨረሻ ይጠይቅ፤ በመሀሉ ግን ኃላፊውን ይተወው። ይህን ያልቻለ ድርጅት የሠራተኛ ቁጥር ቢጨምርም ወረፋው እዚያው አንዱ ጠረጴዛ ፊት ነው።