ጋዙ ለምን አለቀ?

ድሬዳዋ ቆላ ናትና፣ ሙቀቱ ሲበረታ ኤር ኮንዲሽነር ያለው ቤተሰብ እፎይ ይላል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ማቀዝቀዝ ባቃተው ቁጥር፣ አንዳንዱ ጠጋኝ «ጋዝ አልቋል» ብሎ ይሞላና ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በኋላም ያው ይደገማል።

ክቡራን አንባብያን ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ይህ ጋዝ እንደ መኪና ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እየተዘዋወረ የክፍሉን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያወጣ ነው እንጂ። ከጎደለ፣ የሚያፈስ ቀዳዳ አለ ማለት ነው።

ስለዚህ ባለሙያ ሲመረጥ የዋጋው ርካሽነት ብቻ አይታይ፤ ቀዳዳውን ፈልጎ የሚደፍን፣ ዋጋውንም አስቀድሞ በጽሑፍ የሚሰጥ ይሁን። አቧራ የሚይዘውን ወንፊት በየጊዜው አጥቦና አድርቆ መመለስ ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!