ተጨማሪ መረጃ፦ ቀጭኔዋን የፈጠሩት መምህርት

ፀሐይ የምትባለው የስድስት ዓመት የአሻንጉሊት ቀጭኔ የተወለደችው በአንዲት መምህርት ቤት ውስጥ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ በአዲስ አበባ ሕፃናትን ያስተምሩ ነበር። ትምህርታቸው ከክፍላቸው ውጭ ላሉት ልጆችም እንዲደርስ በመፈለግ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ከባለቤታቸው ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘውን የቴሌቪዥን ዝግጅት ጀመሩ። ባለቤታቸው የኮምፒውተር ባለሙያ ነበሩ፤ ፊልም ሥራን ሁለቱም የተማሩት እየሠሩ ነው። አሻንጉሊቶቹ በእጅ ተሠሩ፣ ሳሎኑ ስቱዲዮ ሆነ፣ የፀሐይ ድምፅም የራሳቸው የብሩክታዊት ነበር። ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን፣ እርሳቸውም በ2010 የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት አግኝተዋል። ኋላም ልዩ ኃይል ስላላቸው ሦስት ልጃገረዶች የሚተርከውን «ጥበብ ገርልስ» የተባለ የካርቱን ሥራ አዘጋጁ። በእኛ ግምት ከሁሉም ደፋር የሆነው ይኸኛው ነው፤ ስለ ወር አበባ በግልጽ ያወራልና።

ፀሐይ ዛሬ በአፋን ኦሮሞም ትናገራለች። በዚህ ቋንቋ የማስተማሪያ ሥራ ማዘጋጀት ግን አዲስ ነገር አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የተባሉ መምህራን እ.ኤ.አ. በ1894 በምጽዋ አቅራቢያ በምትገኘው እምኩሉ የአፋን ኦሮሞ የንባብ መጽሐፍ አሳትመዋል። አስቴር ከቃል ያሰባሰቧቸው ተረቶችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች ለዚህ ሥራ መሠረት ሆነዋል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1904 ወለጋ ውስጥ ወዳለችው ነቀምቴ ገብተው ማስተማር ጀመሩ።

እናንተም ከአያቶቻችሁ የሰማችሁትን አንድ ተረት መርጣችሁ በስድስት ተከታታይ ሥዕሎች ሣሉት።