በረግረግ ላይ በአዕማድ የቆመ ጎዳና

በሆላንድ ምዕራባዊ ዝቅተኛ ምድር፣ በጎውዳና በቩርደን ከተሞች ዙሪያ፣ ሣርና ሸምበቆ በውኃ ውስጥ ለብዙ ሺህ ዓመታት በስብሶ የፈጠረው ለስላሳ ጥቁር አፈር ከሸክላ ጋር ተደራርቦ ስለተኛ፣ በላዩ የተደለደለ የመንገድ ሙሌት በገዛ ክብደቱ ከዓመት ወደ ዓመት ይሰምጣል፤ የሰመጠውን ለመተካት የሚጨመረውም አፈር ራሱ አዲስ ሸክም ይሆናል።

ስለዚህ መሐንዲሶች ከታች እስካለው ጽኑ አሸዋ ድረስ አዕማድን በረድፍ ይተክላሉ፤ በየዓምዱ ራስ ላይ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ክዳን ያኖራሉ፤ ከዚያም ጽኑ የፖሊስተር መረብ ዘርግተው ሙሌቱን በላዩ ይደለድላሉ። አዕማዱ ተራርቀው ሳሉ በመካከላቸው ያለውን አፈር ማን ይሸከመዋል? ይህ ሙሌት ወደ ታች ሊወርድ ሲል ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደምናየው ያለ ቅስት ያለ ግንበኛ ይሠራሉ፤ የክብደቱም ትልቁ ክፍል በቅስቱ እግር ወደ ክዳኖቹ ይወርዳል። የአፈር ምርምር ሊቅ የሆነው ካርል ቴርዛጊ ይህን ጠባይ በአሸዋ ሥር በምትወርድ ትንሽ መዝጊያ ፈትኖ እ.ኤ.አ. በ1936 አስታውቋል።

ቅስቱ ግን ቁመት ይሻል፤ የብሪታንያው ደንብ ቢኤስ 8006 ሙሌቱ በክዳኖች መካከል ካለው ክፍተት ከ0.7 እጅ እንዳያንስ የሚያዘው የአዕማዱ ራስ በጎዳናው ፊት ላይ ጉብታ ሆኖ እንዳይታይ ነው። ከቅስቱ በታች የቀረውን መረቡ እየተለጠጠ ወደ አዕማዱ ያደርሳል፤ ጥቂቱንም ለስላሳው አፈር ይቀበላል፤ ነገር ግን የከርሰ ምድር ውኃ ዝቅ ሲል ይህ አፈር ከመረቡ ሥር ሸሽቶ ባዶ ሊተው ስለሚችል፣ በእርሱ ላይ መታመን እጅግ ያስፈራል።

የረቀቀው ነገር የመረቡ ሸክም የት እንደሚያርፍ ማወቅ ነው። ሱዛን ቫን ኤከለን እ.ኤ.አ. በ2015 በዴልፍት ለዶክትሬት ባቀረበችው ምርምር፣ በቤተ ሙከራና በጎዳና ላይ የተለካውን ከስሌቱ ጋር አስተያይታ፣ ሸክሙ በአራት አዕማድ መካከል ባለው ሰፊ ሜዳ ሳይሆን ጎረቤታም አዕማድን በሚያገናኙት ጠባብ መስመሮች ላይ እንደሚከማች፣ በዚያም ላይ ወደ አዕማዱ ሲቀርብ እንደሚበረታ አሳይታለች። የቀደሙት ስሌቶች መረቡ በእውነት ከሚለጠጠው በላይ ይለጠጣል ብለው ይገምቱ ስለነበር፣ ከሚያስፈልገው በላይ የጸና መረብ ይታዘዝ ነበር፤ የእርሷ ስሌት ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በታደሰው የሆላንድ ደንብ ገብቷል። እንግዲህ መረቡን የሚዘረጋ ሠራተኛ ጽኑዎቹን ክሮች በአዕማዱ ረድፍ አቅጣጫ፣ በቁመትም በወርድም፣ አቅንቶ ማኖር ይገባዋል።