«ማስገባት» ወይስ «ውክልና»?

ስለ ኮምፒዩተር ትእዛዝ አጻጻፍ የሚናገሩ መጻሕፍት ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ «ኢምፖርት» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው አቻ «ማስገባት» ነው። ይህ አቻ በሁሉም ስፍራ ይስማማ እንደሆነ ፒ.ኤች.ፒ. የተባለውን ቋንቋ ምሳሌ አድርገን እንመርምር።

ብዙ ጸሐፍት በአንድ ሥራ ሲተባበሩ፣ ሁለት ሰዎች ለየተግባራቸው አንድ ዓይነት ስም ሊያወጡ ይችላሉ። («ተግባር» ያልነው «ፈንክሽን» የሚባለውን ነው።) ግጭቱን ለማስቀረት ፒ.ኤች.ፒ. እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው 5.3 እትሙ «ኔምስፔስ» የተባለውን ሥርዓት ጀመረ። ይህንን «የስም ክልል» ብንለው ይስማማል፤ «ከለለ» አጠረ፣ ጋረደ ማለት ነውና። በክልሉ ውስጥ ተግባሩ በአጭር ስሙ ይጠራል፤ ከክልሉ ውጭ ግን በሙሉ ስሙ። ከበደ በቤቱ «ከበደ» ብቻ፣ በአደባባይ ግን ከነአባቱ ስም እንደሚጠራ ዓይነት ነው። ልዩነቱ በፒ.ኤች.ፒ. የክልሉ ስም መቅደሙ ነው፤ «ጂኦሜትሪ\ስፋት» እና «እርሻ\ስፋት» ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው።

ሙሉውን ስም በየጊዜው መጻፍ ስለሚያደክም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው 5.6 እትም «ዩዝ ፈንክሽን» የተባለውን ትእዛዝ ጨመረ። በፋይሉ ራስጌ «ዩዝ ፈንክሽን ጂኦሜትሪ\ስፋት» ተብሎ ከተጻፈ፣ ከዚያ ወዲህ «ስፋት» ማለት ብቻ ይበቃል።

ይሁን እንጂ ይህ ትእዛዝ የሚያስገባው አንዳች ነገር የለም፤ ተግባሩ መኖር አለመኖሩንም እንኳ አይመረምርም። ተግባሩ የተጻፈበትን ፋይል የሚያስገባው «ሪኳየር»ን የመሰለ ሌላ ትእዛዝ ነው። «ማስገባት» የሚለውን ቃል አምኖ ያንን አንድ መስመር ብቻ የጻፈ ተማሪ፣ ተግባሩን በጠራ ጊዜ «ያልታወቀ ተግባር» የሚል የስሕተት መልእክት ይደርሰዋል። በፓይተን ቋንቋ ግን «ኢምፖርት» የተጠራውን ሞጁል ፈልጎ በእርግጥ ይጭናል፤ በዚያ «ማስገባት» ትክክለኛ ስያሜ ነው።

ስለዚህ ለፒ.ኤች.ፒ. ትእዛዝ «የስም ውክልና» የሚለውን እናቀርባለን። ወካዩ ካለበት ሳይነቃነቅ ተወካዩ በስሙ ይሠራል፤ ወካዩ ከሌለ ደግሞ ውክልናው ከንቱ ነው። ውክልና በተሰጠበት ጉዳይ እንደሚወሰን ሁሉ፣ ይህም በተጻፈበት ፋይል ብቻ ይጸናል።

ውክልናው ሲዘነጋ የሚሆነውንም ተርጓሚው ሊያውቀው ይገባል። በአንድ የስም ክልል ውስጥ በአጭር ስም የተጠራ ተግባር በመጀመሪያ በዚያው ክልል፣ ካልተገኘ ደግሞ በጋራው ክልል ይፈለጋል። ክላስ ግን በጋራው ክልል አይፈለግለትም። እንግዲህ በጋራው ክልል ተመሳሳይ ስም ያለው ተግባር ቢኖር፣ ያልታሰበው ተግባር ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይሠራል። ሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ቃል የጠቀለለ ትርጉም ይህን ስሕተት ለአንባቢው ማስረዳት ይሳነዋል።