የአጥር ቋሚ መትከያ መሣሪያ አመራረጥ
በጥቁር አፈር ላይ ለሚያጥሩ የከብት አርቢዎች ማኅበራትና ለልማት ሠራተኞች

ለከብት እርባታ የሚውል ቦታ መታጠር እንዳለበት የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ማኅበራት ስለ ሽቦው ዓይነትና ዋጋ አጥብቀው ሲወያዩ፣ ቋሚው በምን መሣሪያ እንደሚተከል ግን ለቀን ሠራተኛው ይተዉታል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በላፍቶ፣ በለቡ፣ በጀሞና በሃና ማርያም በኩል ባለው የአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ የከብት ቦታ ከመኖሪያ ቤትና ከአስፋልት መንገድ ጋር ይጎራበታል። በዚህ ዓይነት ቦታ አንድ ቋሚ ቢወድቅ ጉዳቱ የሣር ብቻ አይደለም። ድቅሏ የወተት ላም መንገድ ገብታ በመኪና ልትገጭ፣ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ከግዥ በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች እንድታዩ እንመክራለን።

1. አስቀድሞ አፈሩን መፈተን

በአካባቢው ሜዳማ ቦታ በብዛት የሚገኘው ጥቁር የዋልካ አፈር ነው። ይህ አፈር በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሸፍን ይገመታል። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ባበጠና በተሰነጠቀ ቁጥር ቋሚውን ስለሚነቀንቀው፣ ጠልቆ ያልተተከለ ቋሚ ውሎ አድሮ መዝመሙ አይቀርም። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከጥቁሩ አፈር ሥር ድንጋይ ቅርብ ነው።

ፈተናው ቀላል ነው። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ጫፉን አሹሎ፣ በአጥሩ መስመር ላይ በየ20 ሜትሩ በመዶሻ መምታት ነው። ፌሮው 70 ሴ.ሜ. ያለ ችግር ከገባ ቋሚውን መትቶ ማስገባት ይቻላል። 30 ወይም 40 ሴ.ሜ. ላይ ድንጋይ ካገኘ መቆፈር ግድ ይሆናል። ውጤቱ በወረቀት ላይ ይመዝገብ፤ የመሣሪያው ምርጫ የሚወሰነው በዚህ ወረቀት ነውና።

2. የመሣሪያ ዓይነቶች

ሀ. መዶሻ። በየቤቱ ይገኛል። ነገር ግን የእንጨቱን አናት ይሰነጥቃል፣ ቋሚውን ያጣምማል፣ መቺውም ከፍ ያለ ነገር ላይ መቆም አለበት። ለአጭር ችካል ብቻ ይሁን።

ለ. የመምቻ ቱቦ። አንድ ጫፉ በወፍራም ብረት የተደፈነ፣ ግራና ቀኝ እጀታ የተበየደለት ወፍራም ቧንቧ ነው። ቋሚው አናት ላይ ይጠለቅና ሁለት ሰዎች እያነሡ ይለቁታል። ማንኛውም ጥሩ የብየዳ ቤት ሊሠራው ይችላል። ርዝመቱ 75 ሴ.ሜ.፣ ክብደቱ ከ12 እስከ 15 ኪ.ግ.፣ ውስጡም ከቋሚው ውፍረት 2 ወይም 3 ሴ.ሜ. የሰፋ ቢሆን ይስማማል። ለአንግል ብረት፣ ለቧንቧና ለቀጭን የባሕር ዛፍ ቋሚ ይበጃል።

ሐ. መቆፈሪያ። ድጅኖ፣ አካፋና በእጅ የሚዞር የአፈር መሰርሰሪያ ናቸው። ለማዕዘንና ለበር ቋሚ፣ ለወፍራም የጥድ እንጨትና ድንጋይ ላለበት ቦታ ያስፈልጋሉ። እርጥብ ዋልካ መሰርሰሪያው ላይ ስለሚጣበቅ ቶሎ ቶሎ መጥረግ ያሻል።

መ. በትራክተር የሚሠራ። አንዱ ዓይነት ጉድጓድ ይሰረስራል፣ ሌላው ከባድ መዶሻ እያነሣ ቋሚውን ይመታል። 14 ኪ.ግ. የሆነ ቱቦ 60 ሴ.ሜ. ተነሥቶ ሲወድቅ ያለውን ኃይል፣ ከ1 ሜትር ከፍታ ከሚወድቅ የ200 ኪ.ግ. መዶሻ ጋር ብናስተያይ፣ የሁለተኛው 24 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ወፍራም እንጨት ያለ ጉድጓድ የሚገባው በዚህ ኃይል ነው።

በመምታት የገባ ቋሚ አፈሩን ወደ ጎን ስለሚጠቀጥቅ አጥብቆ ይይዛል። በቁፋሮ የተተከለው ግን ጥንካሬው በአሞላሉ ላይ የተመሠረተ ነው።

3. ወጪውን ማስላት

100 በ100 ሜትር የሆነ የ1 ሄክታር ቦታ ዙሪያው 400 ሜትር ነው። በየ4 ሜትሩ ቢተከል 100 ቋሚ ይፈልጋል። አንድ ማኅበር ለዚህ ብቻ የትራክተር መሣሪያ ቢገዛ፣ የግዥው ዋጋ በሙሉ በ100 ቋሚ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያው መጋዘን ውስጥ ይዝጋል። የመሣሪያውን ዋጋ፣ በዕድሜው ዘመን ይተክላል ተብሎ ለሚገመተው የቋሚ ብዛት ማካፈልና ከቀን ሠራተኛ ሒሳብ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። በእኛ አስተያየት፣ ለአነስተኛ ማኅበር ሁለት የመምቻ ቱቦና አንድ የእጅ መሰርሰሪያ ይበቃል። ሥራው ሰፊ ከሆነ ብዙ ማኅበራት ተባብረው ትራክተር ይከራዩ። ከመወሰን በፊት በእያንዳንዱ መሣሪያ አሥር አሥር ቋሚ ተክሎ የፈጀውን ሰዓት መመዝገብ ከክርክር ይሻላል።

4. ጊዜውና አተካከሉ

ጥሩው ጊዜ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ አፈሩ ርጥበት እያለው ጭቃነቱ ሲለቅ፣ ማለትም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው። ከቋሚው ርዝመት ሢሶው መሬት ውስጥ ይግባ፤ 2.10 ሜትር ለሆነ ቋሚ 70 ሴ.ሜ. ማለት ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ተልጦና ደርቆ፣ ቀጭኑ ጫፍ ተሹሎ ወደ ታች ይሁን። መጀመሪያ የማዕዘን ቋሚዎች ተተክለው በድጋፍ ይጠንክሩ፤ ከዚያ ሲባጎ ተወጥሮ የመካከሎቹ ይከተሉ።

በቁፋሮ ሲተከል በየ15 ሴ.ሜ. እየሞሉ መጠቅጠቅ ይገባል። ከጥቁሩ አፈር ይልቅ ገረጋንቲ ይመረጣል። ሲሚንቶ የሚሞላ ከሆነ የጉድጓዱ አፍ ከሥሩ እንዳይሰፋ። አፉ ከሰፋ ያበጠው አፈር ሲሚንቶውን ከሥር ይዞ ወደ ላይ ያነሣዋል።

5. ጥንቃቄ

በከተማ መሬት ሥር የውኃ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክና የስልክ መስመር ሊኖር ይችላል። አንድም ቋሚ ከመመታቱ በፊት የውኃና ፍሳሽ፣ የኤሌክትሪክና የቴሌኮም መሥሪያ ቤቶች ይጠየቁ፤ የይዞታው ወሰንም ይረጋገጥ። የመምቻው ቱቦ ከቋሚው አናት ጨርሶ እስኪወጣ አይነሣ፤ ሾልኮ ራስ ይመታል። ጓንትና የራስ ቆብ ይደረግ። የትራክተሩ የኃይል ማስተላለፊያ ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 540 ጊዜ ስለሚሽከረከር፣ ጋቢ፣ ነጠላ ወይም ሻርፕ የለበሰ ሰው አይጠጋ፤ ዘንጉም ያለ መሸፈኛ አይሥራ።

አጥሩ ካለቀ በኋላ የልማት ሠራተኛው ከመጀመሪያው ክረምት ማግሥት ዙሪያውን ሄዶ እያንዳንዱን ቋሚ በእጁ ይግፋ። የተነቃነቀው ምልክት ተደርጎበት አፈሩ ሳይደርቅ ይጠቅጠቅ። የመሣሪያው ምርጫ ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በዚያን ቀን ነው።