ከመትከላችን በፊት አፈሩን እንወቅ



አንድ ሙስሊም ከተከለው ሰውም፣ ወፍም፣ እንስሳም ቢመገብ ሰደቃ እንደሚሆንለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። በከተማ ጓሯችን ጎመን ስንተክልም ይህንኑ አጅር እንከጅላለን። ይሁንና የምናበላው ጠይብ መሆኑን ማረጋገጥ አማናችን ነው።

አዲስ አበባን እንመልከት። ለገበያ ከሚቀርበው ጎመንና ሰላጣ ከፊሉ የሚበቅለው በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ዳር ነው። ወንዞቹ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ይሸከማሉ። ተመራማሪዎችም በአካባቢው አፈርና አትክልት ውስጥ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም የተባሉ ብረቶችን አግኝተዋል። አትክልቱን ማጠብ አቧራውንና ጀርሙን ይቀንሳል፤ በሥሩ የሳበውን ብረት ግን አያስወጣም። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ከቲማቲምና ከቃሪያ የበለጠ ብረት ያከማቻል።

የመንገድ ዳር አፈርም ያሰጋል። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚን በዓለም ዙሪያ ከገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። እርሳስ ግን አይበሰብስም፤ አፈር ውስጥ ይቆያል። በአፈር ከሚጫወቱ ልጆች እጅ ወደ አፋቸው ይገባል፤ አንጎላቸውንም ይጎዳል።

ታዲያ መትከል እንተው? በፍጹም! ከዋና መንገድና ከጋራዥ እንራቅ። ቦታው ካጠራጠረን ከንጹሕ ስፍራ የመጣ አፈርና ብስባሽ በጆንያ ሞልተን እንትከል። የቧንቧ ወይም የዝናብ ውኃ እናጠጣ፤ የውዱእ ውኃችንም ይጠቅማል። ልጆቻችንን እጃቸውን እናስታጥብ።

አትክልት የምንሸጥ ወገኖችም እናስብበት፦ ገዢው የበቀለበትን አፈር አያይም፤ አላህ (ሱ.ወ.) ግን ያያል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።